ያገለገለ የሣር ማዳበሪያ መበተኛ ሲገዙ፦ ከማስታወቂያው እስከ መጀመሪያው ብተና

በሜሪላንድ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው የሣር ማጨጃ ሳይገዛ አይከርምም። የማዳበሪያ መበተኛው፣ ማለትም ስፕሬደር የሚባለው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ፣ ግን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ያውም ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈለግ ዕቃ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ይገዛና ጋራዥ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ ቤት ሲቀይር ወይም ሣሩን ለሠራተኛ ሲሰጥ በርካሽ ይሸጠዋል። ለገዢ ጥሩ ዕድል ነው፤ አደጋውም እዚያው አለ። ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው። ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል፣ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሳይታጠብ የከረመ መበተኛ ላዩ አዲስ ቢመስልም ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌ መበተኛ ሲመረምሩ ከዕድሜው ይልቅ ባለቤቱ ያጥበው እንደነበር ማወቁ ይበልጣል።

ሀገር ቤት ዳፕና ዩሪያ እንደ ዘር በእጅ ሲበተን ያየ ሰው መሣሪያው ለምን አስፈለገ ሊል ይችላል። ሣር እንደ ጤፍ ማሳ አይደለም፤ አጭርና እኩል የታጨደ ስለሆነ ማዳበሪያ የበዛበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል፣ ሲብስም ተቃጥሎ ገለባ ይመስላል፣ ያልደረሰበት ደግሞ ገርጥቶ ይቀራል። ስሕተቱ በሳምንት ውስጥ በመስመር በመስመር ይወጣል። ጎረቤትም ያየዋል።

መጀመሪያ ሣርዎን ይለኩ

ማስታወቂያ ከመክፈትዎ በፊት የሣሩን ስፋት በሜትሮ ይለኩ፤ የሚገዙትን ዓይነት የሚወስነው እሱ ነው። ሩብ ኤከር ቦታ 10,890 ካሬ ጫማ ነው፤ ቤቱ፣ የመኪና መግቢያው፣ በረንዳውና የአትክልት መደቡ ሲቀነሱ የሚቀረው ሣር ከዚያ በጣም ያንሳል። ግቢው ቀጥ ያለ ቅርጽ ከሌለው በአራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ርዝመት በወርድ ያባዙና ይደምሩ። ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡት፤ በኋላ ለማዳበሪያው መጠንም ያስፈልጋል።

ሣሩ ከ1,000 ካሬ ጫማ የማይበልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ የታውን ሃውስ ጓሮ፣ የሚገፋ ጋሪ አያስፈልግዎትም። በእጅ ተይዞ እጀታው የሚዞረው ትንሹ መበተኛ ይበቃል።

ከዚያ በላይ እስከ 10,000 ካሬ ጫማ ድረስ ለአብዛኛው ቤት የሚስማማው ባለ ሽክርክሪት መበተኛ ነው። ማዳበሪያው ከሚሞላበት ከላይኛው ዕቃ፣ ከቋቱ፣ በቀዳዳ ወርዶ የምትሽከረከር ሳህን ላይ ያርፋል፤ ሳህኗ ወደ ፊትና ወደ ጎን ትረጨዋለች። ሥራው ፈጣን ነው፤ ጠርዙ ላይ እየሳሳ ስለሚሄድም ትንሽ ከመስመር ቢወጡ ስሕተቱ ጎልቶ አይታይም። ከ10,000 በላይ ላለው ግቢ 80 ፓውንድ የሚይዝና ባለ ነፋስ ጎማ የሆነው የባለሙያ መበተኛ ልፋቱን ይቀንሳል።

ሌላው ዓይነት ማዳበሪያውን በጎማዎቹ መካከል ብቻ ቀጥ አድርጎ የሚጥለው ነው። ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጫማ አይሞላም። ለጠባብ ቦታና ለአበባ መደብ ዳር ተወዳዳሪ የለውም። ለሰፊ ግቢ ግን አንመክረውም፤ በሁለት መስመር መካከል አራት ጣት ቢዘሉ ያቺ አራት ጣት ገርጥታ ትወጣለች። በተቀመጡበት በሚነዳ ማጨጃ የሚጎተተው ደግሞ ግማሽ ኤከርና ከዚያ በላይ ሣር ላለው ነው፤ ምርመራው ከታች ከምንለው ብዙም አይለይም፣ የመጎተቻው ቡሎንና ቀዳዳ መበላት አለመበላቱን ማየት ብቻ ይጨምሩበት።

የከረጢቱን ጀርባ ያንብቡ

የማዳበሪያ ከረጢት ጀርባ ላይ በየመበተኛው ስም የቀዳዳውን አከፋፈት የሚወስነው መምረጫ ቁጥር የት ላይ መደረግ እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ስኮትስ፣ ኧርዝዌይ፣ ሌስኮ፣ አንደርሰንስና ስፓይከር ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛሉ። ምርቱ የቆመና ስሙ ከሠንጠረዡ የወጣ ሞዴል ከገዙ መነሻ ቁጥር አይኖርዎትም። መለዋወጫም ሌላው ጉዳይ ነው። ኧርዝዌይ የካምቢዮና (የጎማውን ዙር ወደ ሳህኗ የሚያደርሱት ባለጥርስ ክፍሎች) የመዝጊያ (የቋቱን ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው) መለዋወጫ ለብቻው ይሸጣል። የሌስኮ ዕቃ ሳይትዋን በሚባለው የግቢ ዕቃ አቅራቢ ሱቅ ይገኛል። በየትልልቁ ሱቅ የሚሸጠው ቀላሉ የፕላስቲክ መበተኛ ግን ካምቢዮው ከተበላ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠገን ሌላ መግዛት ይቀላል። ስለዚህ የፕላስቲኩን ሲገዙ ችግር የሌለበትን ብቻ ይውሰዱ፤ የባለሙያውን ሲገዙ ግን የሚጠገን ጉድለት ያለበትን በቅናሽ መግዛት ያዋጣል።

የት ይገኛል?

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ ክሬግስሊስትና ኦፈርአፕ ላይ ዓመቱን ሙሉ አለ። ዋጋው የሚወርደው ግን ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ነው፤ የብተናው ወቅት አልፎ ጋራዥ ውስጥ ለበረዶ መጥረጊያው ቦታ የሚፈለግበት ጊዜ ስለሆነ። ግቢ የሚያስውቡ ድርጅቶች ሥራ ሲያቆሙ ወይም ዕቃ ሲቀይሩ የሚሸጡትም ያኔ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ቅዳሜ ጧት የሚደረገው የጋራዥ ሽያጭም ጥሩ ነው። በተለይ አረጋውያን ቤታቸውን ለቀው ሲሄዱ የቤቱ ዕቃ ሁሉ በሚወጣበት ሽያጭ (ኢስቴት ሴል) ላይ በደንብ የተያዘ መበተኛ ይገኛል።

ፎቶው ከፊት ብቻ የተነሣ ከሆነ ሦስት ተጨማሪ ፎቶ ይጠይቁ፦ የቋቱ ውስጥ ከላይ፣ የሳህኗና የካምቢዮው ከታች፣ የሁለቱ ጎማዎች መሐል። አብረውም ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንዱ «ክረምት ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው በትነውበታል?» የሚል ነው። የበረዶ ጨው ፍሬው ትልልቅና ያልተስተካከለ ስለሆነ የካምቢዮውን ጥርስ ይሰብራል፣ ብረቱን ከማዳበሪያ ባልተናነሰ ይበላል፤ መልሱ አዎ ከሆነ የብረት ክፍል ያለውን የፕላስቲክ መበተኛ ይተዉት። ሁለተኛው «መጨረሻ የበተኑበት ምንድን ነው?» ነው። የዚህን ምክንያት እጥበቱ ጋ እንመለስበታለን። ዕቃውን ሳያዩ ቅድሚያ ክፍያ አይላኩ።

ይዘው የሚሄዱት

የእጅ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አሮጌ ጨርቅና ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ይያዙ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ነቀዝ የነካው ወይም ያረጀ አንድ ኪሎ ያህል ምስር ነው። ፍሬው በመጠን ለማዳበሪያ ስለሚቀርብ መበተኛውን ባዶውን ሳይሆን ሠርቶ ለማየት ያስችልዎታል። ሻጩን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ሲጨርሱም ጠርገው ይሂዱ።

ምርመራው

ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ። መበተኛውን ገልብጠው ቋቱ መሬት ላይ፣ ጎማዎቹ ሰማይ ላይ እንዲሆኑ ያድርጉ።

የመጀመሪያው ጎማው ነው። በብዙ የቤት መበተኛ ላይ ዘንጉን የሚያዞረው አንደኛው ጎማ ብቻ ነው፤ ሌላው በነፃ ይዞራል፣ አለዚያ ጋሪው ኩርባ ላይ ይጎተት ነበር። አንዱን ጎማ ሲያዞሩ ሳህኗ ባትንቀሳቀስ ዕቃው ተበላሽቷል አይበሉ፤ ሌላውን ያዙሩ። ሁለቱም ሳህኗን ካላዞሩ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ቀጭን ፒን ይመልከቱ። ይህ ፒን ተሰብሮ ወይም ወድቆ ከሆነ ጥገናው የጥቂት ዶላር ነው፤ ሻጩ «አይበትንም» ብሎ በርካሽ የሚሸጠው ዕቃ አንዳንዴ ጉድለቱ ይኸው ብቻ ነው። ፒኑ ደኅና ሆኖ የጎማው የፕላስቲክ ቀዳዳ ከተበላና ከሰፋ ግን ሙሉ ጎማ መለወጥ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ካምቢዮው። የአግድሙን ዘንግ ዙር ወደ ቀጥታው ዘንግ የሚያዞሩት ሁለት ባለጥርስ ክፍሎች ናቸው፤ የመበተኛው ልብ እዚህ ነው። የሚያዞረውን ጎማ በጣም በዝግታ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ። ሳህኗ ብዙ ጊዜ ትዞራለች፣ አዟዟሯም ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካለ አንድ ጥርስ ተሰብሯል ማለት ነው። ከዚያ ጓንት ባጠለቀ እጅ ሳህኗን ቀስ ብለው ያዝ አድርገው ሌላ ሰው ጎማውን እንዲያዞር ያድርጉ። ጤነኛ ካምቢዮ እጅዎን ይገፋል፤ ያለቀው ይዘልላል። ባዶውን ደኅና የሚዞር ካምቢዮ ቋቱ ሲሞላ የሚከዳው ሸክም ሲጫነው ስለሚዘልል ነው፤ ይህን ፈተና አይዝለሉት።

ጥርሱ ስለዘለለ ብቻ ጥርሱ ነው ያለቀው ብለው አይደምድሙ። ጎማውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ። ዘንጉ በተሸከመው ቀለበት ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ሁለቱ ጥርሶች እየተራራቁ ስለሆነ ይዘላሉ። ቀለበቱ በርካሽ ይለወጣል፤ ጥርሱ ገና ደኅና ሊሆን ይችላል። ጥርሶቹን ማየት ከቻሉ በባትሪ ይመልከቱ፦ ጫፋቸው እንደ ቢላ ከሾለ አልቀዋል። የተዘጋ ካምቢዮ ከሆነ ከመጋጠሚያው የሚያፈስ ግራሶ ወይም የገባ የማዳበሪያ ነጭ ቅርፊት ይፈልጉ።

ጥርስ የሚሰበርበት ዋና ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ አይደለም። ቋቱ ውስጥ ያደረ ማዳበሪያ ማማሰያውን (ማዳበሪያውን የሚያማስለውን ሽቦ ወይም ፒን) ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ባለቤቱ ይህን ሳያይ በኃይል ይገፋል፤ ደካማው ክፍል ይሰበራል። እርስዎም በኋላ ይህን ያስታውሱ፦ ጋሪው ከከበደ ቆም ብለው ይዩ እንጂ አይግፉ።

ሳህኗን ይመልከቱ። ላይዋ ላይ የቆሙት ክንፎች ሁሉ መኖር አለባቸው። ክንፍ የጎደላት ወይም የደረቀ ማዳበሪያ የተጋገረባት ሳህን ወደ አንድ ጎን አብዝታ ትረጫለች። የተጋገረው በውኃ ይለቃል፤ የተሰበረው ግን ለውጥ ይፈልጋል።

አሁን ጋሪውን ያቁሙትና ቋቱን ይመርምሩ። በአውራ ጣትዎ የፕላስቲኩን ግድግዳ ጫን ያድርጉ። ፀሐይ ላይ የከረመ ፕላስቲክ ላዩ ኖራ የነካው ይመስላል፤ ሲጫኑት ይንጫጫል፤ እንዲህ ያለው 30 ፓውንድ ሲሸከም ይሰነጠቃል። ስንጥቅ የሚጀምረው በቡሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ነውና እዚያ ያተኩሩ። ቋቱ የብረት ከሆነ ታችኛው ማዕዘን ላይ ዝገቱ ላሜራውን በስቶት እንደሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ያድርጉ። ማማሰያው፣ ብዙ ጊዜ በቀጥታው ዘንግ ላይ የተሻገረ ቀጭን ሽቦ ወይም ፒን፣ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ። እሱ ከሌለ ማዳበሪያው ቀዳዳው ላይ ድልድይ ሠርቶ ይቆማል፤ እየሄዱ ሳለ ምንም እንዳልወረደ የሚያውቁት ከሳምንት በኋላ ነው።

መዝጊያው ከካምቢዮው እኩል ትኩረት ይፈልጋል። ይዝጉት፤ ባትሪውን ከታች አብርተው ከላይ ወደ ቋቱ ውስጥ ይመልከቱ። ምንም ብርሃን ማለፍ የለበትም። ስንጥቅ ብርሃን ካለ ማዳበሪያው በቆሙበት ሁሉ ይፈሳል፤ ሣር ላይ ክብ ክብ ሆነው የሚታዩት የተቃጠሉ ቦታዎች የሚመጡት ከዚህ ነው። ከዚያ መምረጫ ቁጥሩን መሐል ላይ አድርገው እጀታውን አምስት ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ። በየጊዜው የሚከፈተው ቀዳዳ እኩል መሆን አለበት። እጀታው ላይ ያለው ሽቦ ከረገበ እጀታው ይንቀሳቀሳል፣ መዝጊያው ግን ዘግይቶ ወይም ግማሽ ድረስ ብቻ ይከተላል። የረገበ ሽቦ በብዙ ሞዴል ላይ በማጥበቂያው ይስተካከላል። መዝጊያውን የሚመልሰው ሞላ ከሰለለም በቀላሉ ይለወጣል። በዝገት የሰፋ ቀዳዳ ግን መፍትሔ የለውም።

ተጨማሪ አንድ ነገር፦ ጋሪውን በሚገፉበት ከፍታ ይዘው የቋቱ አፍ አግድም መሆኑን በስልክዎ ውኃ ልክ ይዩ። እግሩ ወይም እጀታው የታጠፈ ጋሪ ሳህኗን ያዘነብላታል፤ ያዘነበለች ሳህን እኩል አትበትንም። አንደኛው የነፋስ ጎማ የተነፈሰበት ጋሪም እንዲሁ ያዘነብላል፤ ዋጋ ከመቀነስዎ በፊት ግን ነፍተው ይዩት፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ችግር የለበትም።

መጨረሻ ምስሩ። መዝጊያውን ዘግተው ቋቱ ውስጥ ያፍስሱት፤ ጋሪውን ጥቂት ያነቃንቁ፤ ከታች ምንም ፍሬ መውረድ የለበትም። ከዚያ የመኪና መግቢያው ላይ በተለመደ እርምጃ እየገፉ ይክፈቱትና አሥር እርምጃ ሄደው ይዝጉ። ዞረው ወለሉን ይመልከቱ፦ ፍሬው በግራና በቀኝ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄደ ሳህኗን፣ ማዘንበሉንና የቀዳዳዎቹን መዘጋት እንደገና ይመርምሩ። አንዳንድ ሞዴል ላይ ግን የቀኙን ጎን ሆን ብሎ የሚዘጋ መከላከያ አለ፤ ለመንገድ ዳር የተሠራ ነው። እሱ ተዘግቶ እንዳይሆን ከመደምደምዎ በፊት ይዩ።

ስለ መከላከያው ከተነሣ፣ እንደ ተጨማሪ ጌጥ አይቁጠሩት። በሜሪላንድ ሕግ ማዳበሪያ ከውኃ ዳር 15 ጫማ ርቆ መበተን አለበት፤ ቀጥ አድርጎ የሚጥል መበተኛ ወይም መከላከያ ያለው ባለ ሽክርክሪት ከሆነ ርቀቱ ወደ 10 ጫማ ዝቅ ይላል። ጓሮዎ ጅረት የሚያዋስነው ከሆነ መከላከያ ያለውን ይምረጡ።

ዋጋው

የእኛ መመዘኛ ቀላል ነው። ለቤት የሚሆነው የፕላስቲክ መበተኛ፣ ሁሉን ፈተና አልፎም ቢሆን፣ ከአዲሱ ዋጋ ከሲሶ በላይ አይከፈልበትም፤ አዲሱ ራሱ ውድ አይደለምና ዋስትናም አለው። የማይዝግ ብረት ክፈፍና የተዘጋ ካምቢዮ ያለው የባለሙያ መበተኛ እስከ አዲሱ ግማሽ ድረስ ይገባዋል፤ ቢያዝ ብዙ ዓመት ይሠራል፣ እየተጠገነም ይኖራል። የጎደለ ፒን፣ የረገበ ሽቦ፣ የተነፈሰ ጎማ፣ የጠፋ ክዳን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያቶች ናቸው፤ ያገኙትን ለሻጩ እያሳዩ ይነጋገሩ። የሚዘልል ጥርስ ያለው የፕላስቲክ መበተኛ፣ በዝገት የሰፋ ቀዳዳና የተሰነጠቀ ቋት ግን በነፃ ቢሰጡዎትም ይለፏቸው።

ወደ ቤት መውሰድና ማጠብ

ቀሪ ምስሩን ከመኪና መግቢያው ላይ አፍሰው ይጥሉት፤ የተነካካው ምስር ለምግብም ለወፍም አይሆንም። መበተኛውን በፌስታሉ ጠቅልለው በኋላ ጭነት ክፍል ያድርጉት። ልጅ ወይም አስቤዛ ባለበት መቀመጫ ላይ አይጫኑት፤ በውስጡ የቀረው ዱቄት ምን እንደሆነ አያውቁም።

ሻጩን መጨረሻ ምን በተኑበት ያልነው ለዚህ ነው። አረም እንዳይበቅል የሚከለክል መድኃኒት የያዘ ማዳበሪያ በብዛት ይሸጣል፤ ቅሪቱ ካለ በመስከረም የሚዘሩት የሣር ዘርም ላይበቅል ይችላል። ከነዚህ አንዱ፣ ፔንዲሜታሊን፣ ቢጫ ቀለም ይተዋል፤ የቋቱ ውስጥ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ይጠርጥሩ። ማዳበሪያና የአረም ማጥፊያ የተቀላቀለበት ከረጢት ደግሞ ብዙ ጊዜ 2,4-ዲ አለው፤ ቲማቲምና ቃሪያ ለሱ በጣም ስስ ናቸው።

ስለዚህ የሚያጥቡት ሣር ላይ ነው፤ ከጎመኑና ከበሶብላው መደብ ርቆ፣ የመኪና መግቢያው ላይም አይደለም። ከመግቢያው የፈሰሰ ውኃ ወደ ጎዳናው ቱቦ፣ ከዚያም ወደ ጅረቱና ወደ ቼሳፒክ ቤይ ይሄዳል። መጀመሪያ ደረቁን በብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው ለ20 ደቂቃ ይተዉት፤ የተጋገረው ይለሰልሳል። በሳሙናና በብሩሽ አሽተው ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ። ግፊት ያለው ውኃ ወደ ካምቢዮው አያነጣጥሩ፤ ግራሶውን አውጥቶ ውኃ ያስገባል። መዝጊያውን ከፍተው ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። መዝጊያው በሚንሸራተትበትና ዘንጉ በሚዞርበት ላይ ደረቅ የሲሊኮን ስፕሬይ ይርጩ። ክፍት ጥርስ ላይ ግራሶ አይቀቡ፤ የማዳበሪያ ዱቄት ይሰበስብና ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ግራሶ የሚፈልገው የተዘጋው ካምቢዮ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ሳይሆን ሚዛኑን ይመኑ

ከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር ለአዲስ መበተኛ ነው። ያገለገለው መዝጊያው ስለተበላ፣ ሽቦው ስለረገበ፣ እርምጃዎም ከሌላው ሰው ስለሚለይ ያው ቁጥር ሌላ መጠን ይሰጣል። በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ያጥፉ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይጠቀሙበታል።

መጠኑን ከናይትሮጅኑ ይጀምሩ። ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው የናይትሮጅን መቶኛ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ጊዜ በ1,000 ካሬ ጫማ ላይ ከ0.9 ፓውንድ ናይትሮጅን በላይ አይፈቀድም። ከረጢቱ 24-0-10 ከሆነ 0.9ን ለ0.24 ያካፍሉ፦ 3.75 ፓውንድ ማዳበሪያ ለ1,000 ካሬ ጫማ። ከዚህ በላይ አይሂዱ። መሐል ላይ ያለው ቁጥር ፎስፎረስ ነው፤ የአፈር ምርመራ እጥረት ካላሳየ ወይም አዲስ ሣር ካልዘሩ በቀር ዜሮ የሆነውን ይግዙ።

ቀጥሎ ውጤታማውን ወርድ ይወቁ። አንድ ዓይነት የሆኑ 11 ትናንሽ የካርቶን ክዳኖች በአግድም መስመር፣ መሐላቸው አንድ አንድ ጫማ ሆኖ ይደርድሩ፤ ለጎማዎቹ ማለፊያ ትንሽ ይግፏቸው። መሐለኛውን ክዳን በጎማዎቹ መካከል አድርገው ከመስመሩ ሦስት ሜትር ቀድመው ከፍተው ይለፉ። በየክዳኑ ያለውን ፍሬ ይቁጠሩ። መሐል 20 ፍሬ ካለና ቁጥሩ ወደ 10 የሚወርደው በሁለቱም ጎን ከመሐል 3 ጫማ ላይ ከሆነ ውጤታማ ወርድዎ 6 ጫማ ነው። ጋሪው ከዚያ አልፎ ቢረጭም አይቁጠሩት፤ የሳሳው ጠርዝ የሚሟላው በሚቀጥለው መስመር ነው። ስለዚህ ከአንዱ መስመር መሐል ወደ ቀጣዩ መሐል 6 ጫማ ይራመዳሉ።

አሁን ሚዛን። ወርዱ 6 ጫማ፣ ርዝመቱ 50 ጫማ ከሆነ 300 ካሬ ጫማ ይሸፈናል። ለዚህ የሚገባው 300 ሲባዛ በ3.75 ሲካፈል ለ1,000፣ ማለትም 1.125 ፓውንድ፣ 510 ግራም ያህል ነው። እኛ የምንመክረው ግን ግማሹን አንድ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ መበተን ነው፤ የአንዱን ዙር ስሕተት ሌላው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ለአንድ ዙር የሚፈለገው 255 ግራም ነው። በወጥ ቤት ሚዛን 2 ኪሎ መዝነው ቋቱ ውስጥ ያድርጉ። ከረጢቱ ከሚለው ዝቅ ካለ ቁጥር ይጀምሩ። 50 ጫማውን በተለመደ እርምጃ ይሂዱ፤ በሰዓት 3 ማይል የሚባለው እርምጃ 50 ጫማን በ11 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። የቀረውን መልሰው ይመዝኑ። 1,745 ግራም ከቀረ ቁጥሩ ልክ ነው። 1,850 ከቀረ ትንሽ ይክፈቱት፤ 1,600 ከቀረ ይቀንሱ። ለውጡ ከቁጥሩ ጋር እኩል ስለማይሄድ በየጊዜው በጥቂቱ ይለውጡና እንደገና ይመዝኑ፤ ሦስት ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለሙከራ የሄዱበት ሣር ማዳበሪያውን ወስዷልና በብተናው ቀን ይዝለሉት።

የመጀመሪያው ብተና

ቋቱን የሚሞሉት መኪና መግቢያው ወይም ታርፓ ላይ ነው፤ ሣር ላይ የፈሰሰ ማዳበሪያ ያቃጥላል። መዝጊያው መዘጋቱን አይተው ይሙሉ። መጀመሪያ የግቢውን ዳር ዳር አንዴ ይዙሩ፤ ከዚያ ውስጡን በመስመር ይሂዱ። እርምጃ ጀምረው ይክፈቱ፣ ከመቆምዎ በፊት ይዝጉ፤ ቆመው መክፈት የተቃጠለ ክብ ይተዋል። ሣሩ ላይ ጤዛ ወይም ውኃ በሌለበት ጊዜ ይበትኑ፣ ከዚያ ውኃ ያጠጡ። ከባድ ዝናብ ከተነገረ ወይም መሬቱ በብርድ ከጠጠረ ይተዉት። በሜሪላንድ ከኅዳር 6 እስከ የካቲት 22፣ በፈረንጆቹ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1፣ የቤት ባለቤት የሣር ማዳበሪያ መበተን አይፈቀድለትም። በእግረኛ መንገዱ ላይ የወደቀውን ፍሬ ጠርገው ወደ ሣሩ ይመልሱ፤ ሕጉም ያዝዛል፣ ብረት (አይረን) ያለበት ማዳበሪያ ደግሞ ኮንክሪት ላይ ካደረ የዝገት ቀለም ይተዋል።

ሲጨርሱ ቀሪውን ወደ ከረጢቱ መልሰው አፉን ያስሩ፤ መበተኛውን ያኔውኑ ያጥቡት። መዝጊያውን ክፍት አድርገው፣ ሞላውና ሽቦው እንዳይወጠር፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ይስቀሉት። እጀታው ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፈው የማዳበሪያውን ስም፣ ያገኙትን ቁጥርና ውጤታማውን ወርድ በማይለቅ ቀለም ይጻፉበት፤ ለምሳሌ «24-0-10፣ ቁጥር 4 ተኩል፣ 6 ጫማ፣ ሁለት ዙር»። የሚቀጥለው ከረጢት ሌላ ከሆነ ፍሬውም ስለሚለይ ሚዛኑን እንደገና ይሥሩና ከታቹ ይጻፉ።